የመጀመሪያ ሪሞት ሄሊኮፕተር ልትገዙ ነው? መጀመሪያ "ስቲኩን ብለቀው ምን ይሆናል?" ብላችሁ ጠይቁ

ሪሞት ሄሊኮፕተር ልግዛ ብሎ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ወይ "የቱ ያምራል?" ነው ወይ "የቱ ይፈጥናል?" ነው፣ እኔም እንደዛው ነበርኩ። አሁን ግን ሰው ምክር ሲጠይቀኝ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሄሊኮፕተሩ አየር ላይ እያለ ደንግጣችሁ አቅጣጫ የምትሰጡበትን ስቲክ ብትለቁት ምን ያደርጋል? ባለበት ይቆማል? ቀስ እያለ ይንሸራተታል? ወይስ እንዳዘነበለ ሄዶ ያገኘውን ነገር ይመታል? ጀማሪ መደንገጡ አይቀርም፣ ያ ሁላችንም ያለፍንበት ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ሄሊኮፕተር መመረጥ ያለበት በደነገጠ ሰው እጅ ላይ ምን እንደሚሆን ታስቦ ነው።

የኔን ልንገራችሁ። ሻጩ "ትንሽ ልምምድ ብቻ ነው የሚፈልገው" ብሎኝ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ከሚሆነው በላይ የሚረዝም ሄሊኮፕተር ገዛሁ፣ ሙሉ ቀን ባትሪ ቻርጅ ሳደርግ ዋልኩና ሜዳ ይዤው ወጣሁ። ጋዙን፣ ማለትም ለሞተሩ የሚሰጠውን ሃይል፣ ቀስ እያልኩ ስጨምር ብሌዶቹ፣ ከላይ የሚሽከረከሩት ክንፎች፣ ፉጨት ጀመሩ፣ ከስሩ ያለው ሳር ተኛ፣ ከዛ ድንገት ከመሬት ለቀቀና ወደ ግራ መንሸራተት ጀመረ። እኔ ምንም ሳልነካው ነው እንግዲህ። ደነገጥኩና ስቲኩን ወደ ቀኝ ጎተትኩት፣ አብዝቼ ጎተትኩት መሰለኝ በአንዴ ወደ ቀኝ ተጋደመና ብሌዱ መሬቱን መታ፣ እንደ ደረቅ እንጨት ነው የጮኸው። ሞተሩን ማጥፋት እንዳለብኝ ስላላወቅኩ መሬት ላይ ወድቆም እየጮኸ ነበር። ሙሉ በረራው አስር ሰከንድ አይሞላም። ዋናው ዘንግ ታጠፈ፣ ሁለቱም ብሌድ ተሰበረ፣ ብሌዱን የሚያዞረው ማርሽ፣ ትልቁ ጥርስ የሚሉት፣ ተበላ፣ የጭራው ቱቦ በራሱ ብሌድ ተቆረጠ። መለዋወጫው ተሟልቶ እስኪመጣ ሁለት ወር ጠበቅኩ፣ ያ ሁለት ወር ግን ሄሊኮፕተር እንዴት እንደሚሰራ አስተማረኝ፣ እና እነዛ አስር ሰከንዶች ውስጥ የሆነው እያንዳንዱ ነገር ምክንያት እንዳለው የገባኝ ያኔ ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደሚከብድ እንረዳ። ድሮን የለመደ ሰው ሄሊኮፕተርም እንደዛ ይመስለዋል፣ ድሮን ላይ ግን እጃችሁን ስታነሱ ውስጡ ያለው ኮምፒውተር ራሱ ያስተካክለዋል። ሄሊኮፕተር በተፈጥሮው እንደዛ አይደለም። ሲያዘነብል ወዳዘነበለበት መንሸራተት ይጀምራል፣ እሺ፣ ያ ይገባል። ብዙ ሰው የማይጠብቀው ከዛ በኋላ የሚመጣውን ነው፦ መልሳችሁ ቀጥ ብታደርጉትም መንሸራተቱን አያቆምም! የያዘው ፍጥነት አለው፣ ለማስቆም በተቃራኒው በኩል ትንሽ ማዘንበል አለባችሁ፣ ከዛ ደግሞ ልክ ሊቆም ሲል ቀጥ ማድረግ። መዳፋችሁ ላይ ረጅም እንጨት አቁማችሁ ሚዛን ለመጠበቅ ሞክራችሁ ከሆነ ስሜቱ እሱ ነው፣ እጃችሁ አንድ ሰከንድ እረፍት የለውም። ጀማሪ ሲያርም ይዘገያል፣ ስለዘገየ አብዝቶ ያርማል፣ አብዝቶ ስላረመ ወደ ሌላኛው ጎን ይሄድበታል፣ ሶስተኛው ላይ ይከሰከሳል። የኔማ ሁለተኛው ላይ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ የጭራው ነው። ትልቁ ሮተር፣ ማለትም ከላይ ያሉት ብሌዶች አንድ ላይ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሽከረከር ገላው ወደ ተቃራኒው መሽከርከር ይፈልጋል፣ የኒውተን ሶስተኛው ህግ የሚባለው ማለት ነው፣ ስለዚህ ጭራው ላይ ያለችው ትንሿ ሮተር ወደ ጎን እየገፋች ትይዘዋለች። ጋዝ በጨመራችሁ ቁጥር ግን ገላውን የሚያዞረው ሃይልም ይጨምራል፣ ስለዚህ ትንሿም አብራ መጨመር አለባት፣ ካልጨመረች አፍንጫው ይዞራል። ይሄን ዛሬ ጋይሮ የሚባለው ትንሽ ሴንሰር ነው የሚሰራልን። ግን ትንሿ ሮተር ወደ ጎን ስትገፋ ሽክርክሪቱን ብቻ አይደለም የምትይዘው፣ ሄሊኮፕተሩን ራሱንም ወደ ጎን ትገፋዋለች። አብዛኛው ሪሞት ሄሊኮፕተር ከላይ ሲታይ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ወደ ቀኝ ነው የሚሽከረከረው፣ እንደዛ ከሆነ ግፊቱ ወደ ግራ ይሆናል፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ለመቆም ሁሌ ትንሽ ወደ ቀኝ አዘንብሎ መቆም አለበት። የኔ ሳልነካው ወደ ግራ የሄደው የተበላሸ ስለነበር አልነበረም ማለት ነው፣ ትክክለኛ ስራውን እየሰራ ነበር። እናንተም ትንሽ አዘንብሎ ሲቆም ብታዩ አትደንግጡ፣ ጤነኛ ነው።

አሁን ወደ አይነቶቹ እንምጣ፣ በዛችው ጥያቄ እየለካን።

በጣም ቀላሉ ኮአክሲያል የሚባለው ነው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው በአንድ ዘንግ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከሩ ሁለት ሮተሮች ያሉት። ሁለቱ ገላውን የሚያዞሩበት ሃይል እርስ በርሱ ስለሚጣፋ ወደ ጎን የሚገፋ ጭራ አያስፈልገውም፣ ለመዞር አንዱን ሞተር ከሌላው ትንሽ ማፍጠን ይበቃል። ከላይ ደግሞ ጫፎቿ ላይ ክብደት ያላት ሌላ ቀጭን ዘንግ ትደረግለታለች፣ እሷ ስትሽከረከር አቋሟን አትለቅም፣ ገላው ሲያዘነብል መልሳ ቀጥ ታደርገዋለች። ስቲኩን ስትለቁት? ራሱ ተረጋግቶ ይቆማል፣ በቃ። በዓለም ላይ ብዙ ሰው ያወቀው ሳይማ ኤስ107 ይሄ ነው። ችግሩ ሶስት ቻናል ብቻ መሆኑ ነው፦ ከፍ ዝቅ፣ ግራ ቀኝ መዞር፣ ወደፊት ወደኋላ። ጭራው ላይ የምታዩዋት ትንሽ ፕሮፔለር ወደ ላይ የተገጠመች ናት፣ ጭራውን አንስታ ወይ ጭና ነው ወደፊትና ወደኋላ የምታስኬደው። ወደ ጎን መሄድ ጭራሽ አይችልም። አራት ቻናል ያላቸው ኮአክሲያሎችም አሉ፣ እነሱ ወደ ጎንም ይሄዳሉ፣ ግን ሁሉም ነፋስ ላይ ምስኪን ናቸው፣ ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነፋስ ካለ ይዟቸው ይሄዳል።

ታዲያ ኮአክሲያል ልግዛ? ለትንሽ ልጅ ከሆነ ወይም ቤት ውስጥ ለመዝናናት ብቻ ከሆነ አዎ፣ ግሩም ነው። መማር ለሚፈልግ ሰው ግን ሶስት ቻናሉ ላይ ገንዘብ አታጥፉ እላለሁ፣ ምክንያቱም ዋናውን ነገር፣ ያንን ማዘንበልና ማረም፣ አያስተምራችሁም። በሳምንት ትለምዱታላችሁ፣ ከዛ ወደ ሌላ ስትሄዱ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ።

እኔ ለጀማሪ የምመክረው ቀጣዩን ነው፣ አንድ ዋና ሮተር ያለው፣ አራት ቻናል፣ ፊክስድ ፒች የሚባለው። ፊክስድ ፒች ማለት ብሌዶቹ አየሩን የሚቆርጡበት አንግል አይቀየርም ማለት ነው፣ ከፍ ለማለት ሞተሩ ይፈጥናል፣ ዝቅ ለማለት ይቀንሳል። አራተኛዋ ቻናል ወደ ጎን ማዘንበል ናት፣ እሷ ስትጨመር የምትማሩት ነገር በሙሉ እውነተኛ ሄሊኮፕተር ማብረር ይሆናል፣ የጣቶቹ እንቅስቃሴ በኋላ ትልቁ ላይም ያው ነው። ደብሊውኤልቶይስ ቪ911 የሚባለው ትንሹ ሄሊኮፕተር ለብዙ ሰው የመጀመሪያ የሆነው በዚህ ነው፣ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ነገር ነው፣ ቀላል ስለሆነ ግድግዳ መትቶ ወድቆ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፣ ታነሱትና እንደገና ታበሩታላችሁ። ክብደቱ ትንሽ የሆነ ነገር ሲወድቅ የሚመታበት ሃይልም ትንሽ ነው፣ ከምንም በላይ ጀማሪን የሚያድነው ይሄ ነው።

እሱም ላይ ያቺ ክብደት ያላት ዘንግ አለች። ይቺ ዘንግ የአሻንጉሊት ፈጠራ እንዳትመስላችሁ! አርተር ያንግ የሚባል አሜሪካዊ በ1940ዎቹ ለቤል ኩባንያ ሄሊኮፕተሮች የሰራት ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ለሲቪል አገልግሎት የመጀመሪያውን ፈቃድ ያገኘው ቤል 47 ላይ የነበረችው እሷ ናት። ሰው የሚጭነውን ሄሊኮፕተር ያረጋጋው ሃሳብ መዳፍ በምታክል ነገር ላይ ሲሰራ ማየት እኔን ዛሬም ይገርመኛል።

አሁን አሁን ግን ብዙዎቹ አዳዲስ ሞዴሎች ዘንጓን አውጥተው በኤሌክትሮኒክስ ተክተዋታል፣ እዚህ ጋ ነው ማሸጊያው ላይ የሚጻፈውን መረዳት የሚያስፈልገው። "ባለ 3 አክሲስ ጋይሮ" እና "ባለ 6 አክሲስ ጋይሮ" የሚሉትን ታያላችሁ፣ ስድስት ከሶስት ስለሚበልጥ ይሻላል ብላችሁ ብቻ አትለፉት፣ ልዩነቱ ሌላ ነው። ባለ 3ቱ የሚለካው የመዞር ፍጥነትን ብቻ ነው፦ "አሁን እየተጋደምኩ ነው" ይላል እና ያስቆመዋል፣ ግን ከቆመ በኋላ የተጋደመ ይሁን ቀጥ ያለ አያውቅም፣ የመሬት ስበት በየት በኩል እንደሆነ የሚነግረው ነገር የለውም። ባለ 6ቱ አክሰለሮሜትር የሚባል ሴንሰር ተጨምሮበታል፣ ታች የቱ እንደሆነ ያውቃል፣ ስለዚህ ስቲኩን ስትለቁት ራሱን ቀጥ ያደርጋል። ለጀማሪ ይሄ ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። ግን ልብ በሉ፣ ቀጥ ይላል እንጂ ይቆማል አላልኩም። ቀጥ እንዳለ የያዘውን ፍጥነት ይዞ መንሸራተቱን ይቀጥላል፣ ነፋስ ካለ ደግሞ ከነፋሱ ጋር ይሄዳል። ይሄ ለመማር በጣም ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ከመገልበጥ ያድናችኋል ግን ስራውን አይሰራላችሁም።

ስራውን ጭምር የሚሰሩም መጥተዋል። ከፍታ የሚጠብቅ ባሮሜትር ያላቸው አሉ፣ ከሆዳቸው ስር ወለሉን የምታይ ትንሽ ካሜራ ያላቸው አሉ፣ ኦፕቲካል ፍሎው ይሉታል፣ ወለሉ ከስሩ ሲንቀሳቀስ ካየ መንሸራተቱን አውቆ ራሱን ያቆማል፣ ትላልቆቹ ላይ ደግሞ ጂፒኤስ አለ። ስቲኩን ስትለቁት ባለበት ይቆማል፣ እንደ ድሮን። የእውነተኛ ሄሊኮፕተር ቅርፅ ኖሮት ሳሎን ውስጥ ተንሳፍፎ ሲቆም ማየት ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም፣ እኔም በዚህ የጀመረን ሰው አልነቅፍም። ካሜራዋ ግን ጨለማ ውስጥ ወይም ምንም ምልክት የሌለው የሚያብረቀርቅ ወለል ላይ አታይም፣ ያኔ ድንገት መንሸራተት ይጀምራል፣ እና የያዘው ሰው ማረም ተምሮ ስለማያውቅ ያየዋል እንጂ ምንም አያደርግም። ስለዚህ ከገዛችሁ እርዳታው በስዊች የሚጠፋ መሆኑን አረጋግጡ፣ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

መጨረሻ ላይ ያለው ኮሌክቲቭ ፒች ነው፣ ቪዲዮ ላይ ተገልብጦ ሲበር፣ ጭራውን ወደ መሬት አድርጎ ሲሽከረከር የምታዩት እሱ ነው። እዚህ ሞተሩ ሁሌ በአንድ ፍጥነት ይሽከረከራል፣ የሚቀየረው የብሌዱ አንግል ነው፣ ወደ ላይም ወደ ታችም መቁረጥ ይችላል። ፊክስድ ፒቹ ሞተሩ እስኪፈጥን ጊዜ ይፈጅበታል፣ ይሄኛው ግን ጣታችሁን ስትነኩት ወዲያው ነው የሚመልሰው። ያ ፍጥነት ለሚያውቅ ሰው ደስታ ነው፣ ለጀማሪ ግን የደነገጠበትን ስህተት በዛው ፍጥነት ወደ መሬት ያደርስለታል፣ በተለይ ለግልባጭ በረራ በተዘጋጀው ሞድ ላይ ስቲኩን ወደ ታች ብትጎትቱት ብሌዱ ሄሊኮፕተሩን በሃይል ወደ ታች ነው የሚገፋው፣ ዝም ብሎ አይወርድም። እና በተለምዶው ሞድ ስቲኩን ስትለቁት ራሱን አያስተካክልም፣ እንደተጋደመ ይቀጥላል። እኔ የጀመርኩት በዚህ ነው፣ አታድርጉት። ኮሌክቲቭ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ሰው ካለ ግን እንደ ኤክስኬ ኬ110 ያለ ትንሽና ቀጥ የሚያደርግ ሞድ ያለውን ይያዝ፣ ስዊቹን እዛ ላይ አድርጎ ይለማመድ።

መጠን ላይ ትንሽ ላቁም፣ ምክንያቱም ይሄ የአደጋ ጉዳይ ነው። አላይን ቲ-ሬክስ 450 የሚባለውን መጠን ውሰዱ፣ ትልልቆቹን የሚያበሩ ሰዎች "ትንሽ ነው" የሚሉት ማለት ነው። አንዱ ብሌድ 325 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሲሽከረከር የሚሰራው ክብ ስፋቱ ወደ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ዙሪያው 2.2 ሜትር ገደማ ይሆናል። በደቂቃ 2500 ጊዜ ቢዞር የብሌዱ ጫፍ በደቂቃ 5500 ሜትር ይጓዛል፣ ይሄ በሰዓት 330 ኪሎ ሜትር ነው! ከካርቦን ፋይበር የተሰራ ጠርዝ በዛ ፍጥነት ጣት ላይ ቢያርፍ ምን እንደሚሆን መንገር አያስፈልግም። ከዛ በላይ ባሉት ትላልቆች ሰው ሞቷል፣ ይሄ ለማስፈራራት የምለው አይደለም፣ የሆነ ነገር ነው። መዳፍ ላይ የምታርፈው ትንሿ ብትመታችሁ ቀይ ምልክት ትታ ነው የምትሄደው፣ አይን ላይ ግን እሷም ቀልድ የላትም፣ ልጆች በአቅራቢያው ካሉ ፊታቸው በሚሆንበት ከፍታ አታብሩ። በብዙ ሀገሮች ደግሞ 250 ግራም የሚባል ወሰን አለ፣ ከዛ በላይ የሚመዝን ነገር ለማብረር ምዝገባ ወይም ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል፣ ያላችሁበትን ሀገር ህግ አስቀድማችሁ እዩት። ትናንሾቹ ከዛ በጣም በታች ናቸው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ከገዛ በኋላ የሚያስታውሰው ነገር፣ መለዋወጫ። መግዛት የፈለጋችሁትን ሞዴል ስም ይዛችሁ ከሄሊኮፕተሩ በፊት ዋና ብሌዱን፣ የጭራውን ብሌድ፣ የጭራውን ሞተር፣ ዋናውን ዘንግና ትልቁን ጥርስ ለብቻቸው የሚሸጡ መሆናቸውን ፈልጉ። ካላገኛችሁ የፈለገ ቢያምር ተዉት። ብሌድ ቢያንስ ሁለት ትርፍ አብራችሁ እዘዙ። ትናንሾቹ ላይ ቀድሞ የሚሞተው ብዙ ጊዜ የጭራው ሞተር ነው፣ ብሩሽ ያለው ሞተር ስለሆነ ሁሌ በሃይል ሲሽከረከር ያልቃል፣ ምልክቱም ያስታውቃል፣ ሙሉ ጋዝ ስትሰጡት አፍንጫው መያዝ ያቅተውና ቀስ እያለ ይዞራል። እሱን ያላወቀ ሰው ሄሊኮፕተሩ ሞተ ብሎ ይጥለዋል፣ የሚያስፈልገው ግን አንዲት አዲስ ሞተር ናት። ከወደቀ በኋላ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ብሌዱን ወደ ብርሃን ይዛችሁ ጠርዙን እዩት፣ ለአይን የማይታይ የሚመስል ስንጥቅ ወይም ጉዳት ሙሉውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ዘንጉንም ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንከባሉት፣ ከታጠፈ ሲንከባለል ከስሩ ብርሃን ብልጭ ሲል ታያላችሁ።

ባትሪ፦ ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ነው ሁሉም ማለት ይቻላል። አንዱ ሴል 3.7 ቮልት ተብሎ ይጻፋል፣ ሲሞላ 4.2 ነው፣ ከ3 በታች ከወረደ ይጎዳል፣ ብዙ ጊዜም አይመለስም። የትናንሾቹ በረራ ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ ገደማ ነው፣ ስለዚህ አንድ ባትሪ ብቻ ይዞ የሚማር ሰው ለአምስት ደቂቃ በሮ ሰዓት ይጠብቃል ማለት ነው፣ አራት ወይም አምስት ባትሪ ያዙ፣ ከሚያምር ሞዴል ይልቅ ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አውጡ፣ መማር የደቂቃ ጉዳይ ነው። ሃይሉ ሲቀንስና ከፍታ መያዝ ሲያቅተው አስገድዳችሁ አታብሩት፣ አሳርፉት። ወዲያው ትኩስ እያለ ቻርጅ ላይ አታድርጉት፣ ይቀዝቅዝ። የቻርጁን አምፔር ለማወቅ ባትሪው ላይ የተጻፈውን ተመልከቱ፣ 500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ከሆነ በግማሽ አምፔር መሙላት ሰላማዊ ነው፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ለብዙ ቀን የማትጠቀሙበት ከሆነ ሙሉ አድርጋችሁ አታስቀምጡት፣ 3.8 ቮልት አካባቢ ይሁን። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ በቃ አብቅቷል፣ አትጫኑት፣ አትውጉት፣ ሊቀጣጠል ይችላል። እና ቻርጅ ላይ አድርጋችሁ አትተኙ፣ አትውጡ፣ ይሄን ሰው አውቆ ይረሳል።

ሪሞቱ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። በኢንፍራሬድ፣ እንደ ቲቪ ሪሞት በማይታይ ብርሃን፣ የሚሰራው ርካሹ አይነት ፀሐይ ላይ ምልክቱ ይጠፋበታልና ከቤት አይወጣም፣ በሬዲዮ ሞገድ የሚሰራውን፣ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚለውን ፈልጉ። ሌላው ሞድ የሚባለው የስቲኮቹ አደላደል ነው፣ ሞድ 2 ማለት ጋዙ በግራ እጅ፣ ማዘንበሉ በቀኝ እጅ ነው፣ ሞድ 1 ላይ ጋዙ በቀኝ ነው። በዙሪያችሁ የሚያግዛችሁ ሰው ካለ እሱ የሚጠቀመውን ያዙ፣ አንዴ ጣት የለመደውን መቀየር ፈተና ነው። ሲሙሌተርም፣ በረራውን ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለውን ፕሮግራም፣ ኮምፒውተር ያለው ሰው ይሞክር፣ ሪያልፍላይት፣ ሄሊ-ኤክስ፣ ኔክስት የሚባሉ አሉ፣ ሺህ ጊዜ ብትከሰክሱት የሚሰበር ነገር የለም፣ ግን በስልክ ጣት እየነኩ ሳይሆን እውነተኛ ሪሞት ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝታችሁ ካልሆነ ጣታችሁ ምንም አይማርም።

እሺ ተገዛ፣ ተሞላ። የመጀመሪያው ቀን ቬንቲሌተርና መስኮት ተዘግቶ፣ ሰፊ ክፍል፣ ወለሉ ባዶ። ጭራው ወደ እናንተ ይሁን፣ ያኔ የሱ ግራ የናንተ ግራ ነው። አብዛኛው ጀማሪ ፈርቶ አንድ ስንዝር ከመሬት አንስቶ እዛው ሊያቆየው ይሞክራል፣ ከባዱ ቦታ ግን እሱ ነው፣ ብሌዱ ወደ ታች የገፋው አየር ወለሉን መትቶ ይመለሳልና ሄሊኮፕተሩ የራሱ ነፋስ ላይ ይዋልላል። ደፈር በሉና ወገባችሁ ድረስ አንሱት፣ እዛ ይረጋጋል። እዛ ላይ ሆኖ ወደ አንድ ጎን ብቻ ሁሌ የሚሄድ ከሆነ ከስቲኩ አጠገብ ባሉት ትናንሽ ትሪም ቁልፎች አስተካክሉት፣ መሬት አጠገብ ሆኖ ያያችሁትን ይዛችሁ ትሪም አትንኩ፣ ያሳስታችኋል። ስታወርዱት ደግሞ ጋዙን በአንዴ አትልቀቁ፣ ቀጥታ ወደ ታች ፈጥኖ ሲወርድ ራሱ የገፋው አየር ውስጥ ይገባና ይንቀጠቀጣል።

እና ከሁሉም በፊት የምትለማመዱት ነገር፣ ሳይነሳ መሬት ላይ እያለ ጭምር፣ ሊመታ ሲል ጋዙን ዜሮ ማድረግ ነው። ለማዳን አትታገሉ። ብሌዱ እየተሽከረከረ ከሚመታ ቆሞ ቢወድቅ የሚሰበረው በጣም ትንሽ ነው፣ ብሌዱ ተይዞ ሞተሩ ሃይል እያገኘ ከቀጠለ ግን ወይ ጥርሱን ይበላል ወይ ሞተሩ ይቃጠላል። ኮሌክቲቭ ላይ ለዚህ የተለየ ስዊች አለ፣ ስሮትል ሆልድ ይባላል፣ ጣታችሁ ሳያይ የሚያገኘው መሆን አለበት። እኔ ያን ቀን ይቺን ስዊች ባውቃት ኖሮ ጥርሱ ይተርፍ ነበር።

ጭራውን ወደ እናንተ አድርጋችሁ አንድ ሙሉ ባትሪ አንድ ቦታ ላይ ማቆም ስትችሉ ትንሽ ወደ ጎን አዙሩት፣ ከዛ ሙሉ ጎን፣ ከዛ አፍንጫው ወደ እናንተ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፣ ምክንያቱም ግራና ቀኙ ተገላብጧል፣ ወደ ግራችሁ ሲሄድ በደመ ነፍስ ስቲኩን ወደ ቀኝ ትገፉታላችሁ እና ይባስ ወደ ግራ ይበራል። እኔን ያዳነኝ አንድ ነገር ነው፦ ግራ ቀኙን ማሰብ ተውኩና ዝቅ ያለውን ጎን ብቻ ማየት ጀመርኩ። አፍንጫው ወደ እናንተ ሲሆን ዝቅ ወዳለው ጎን ስቲኩን ግፉ፣ ሊወድቅ ያለን ነገር ከስሩ ድጋፍ እንደምታደርጉለት ማለት ነው። በግራችሁ በኩል ዝቅ አለ? ስቲኩ ወደ ግራ። በጣም ትንሽ፣ ከዛ መልሱት። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ሁለት ሶስት ባትሪ በዚህ ጨረስኩ፣ ከዛ አንድ ማታ ፊቱን ወደኔ አዙሮ የፊት መስታወቱን እያየሁት ባትሪው እስኪያልቅ ቆመ፣ እና ጣቶቼ ሲንቀሳቀሱ እኔ ምንም እያሰብኩ እንዳልነበር ያወቅኩት ካሳረፍኩት በኋላ ነው።